የእኔ ናፍቆት፣ የወንድሜ ጭቃ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ አሳግርት ነው። ከባለቤቴ ጋር አፋር፣ ከሰም በኩል ከወረድን አራት ዓመት ሆነን። እሱ መካኒክ ነው፣ ሥራው ጥሩ ነው። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን።

ልጅ ሆኜ ዝናብ አልወድም ነበር። ጭቃው ጫማችንን ይነጥቀናል፣ ልብሳችን ሳይደርቅ እንለብሰዋለን። ቆላ ስወርድ ‹ተገላገልኩ› ብዬ ነበር። አሁን ግን ሰማይ ሲጠቁር ልቤ ይሰቀላል። በቅርቡ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከሥራ ስወጣ ትንሽ ካፊያ ጣለ። ባልደረቦቼ ሮጠው ገቡ። እኔ መሐል ግቢ ቆሜ አለቀስኩ። ሳቁብኝ።

ባለፈው ነሐሴ ፈቃድ ወስጄ፣ ልጄን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። አራት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ደስታዬን ልነግርዎ አልችልም። በረንዳ ላይ ተቀምጬ የቆርቆሮውን ድምፅ በስልኬ ስቀዳ ታላቅ ወንድሜ ከማሳ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ባቄላውን ቆርምድ የሚሉት በሽታ ይዞበታል፣ ገብሱ ላይ ውሃ ተኝቶበታል። እኔ ደግሞ ‹እንዴት ደስ ይላል!› አልኩት። ‹አንቺማ ደስ ይበልሽ፣ ደመወዝተኛ ነሽ። እኛ ግን የምንበላው ከዚያ ነው› አለኝ። እኔም አልተውኩትም። ‹እናንተ ያላችሁን አታውቁትም፤ እኛ ጋ ሰውና ከብት በውሃ ጥም ያልቃል› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እናቴ በመሐል ተቸግራለች። ቀረጻውን አሁንም ማታ ማታ እሰማዋለሁ። የወንድሜ ድምፅ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስደርስ አቆመዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ዝውውር ልታገኚ ትችያለሽ ተብያለሁ። ባለቤቴ አልፈለገም። እናቴ ደግሞ ‹ለጳጉሜን 3 ልጅቷን አምጪልኝ› ትለኛለች። ዝናብ መውደዴ ጥፋት ነው? ምን ላድርግ?

ዝናብ የናፈቃት»

ዝናብ የናፈቃት እህቴ፣

አንዱን ጥያቄሽን ከወዲሁ ልመልስልሽ። ዝናብ መውደድሽ ጥፋት የለበትም። መሐል ግቢ ቆመሽ ማልቀስሽም እንደዚያው። የሳቁብሽ ሰዎች ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ምናልባት ከደጋ የወረደ ሰው በመሐላቸው የለም።

እኔን ስሚኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ። ሰኔ ግም ካለ ወንዙ ይሞላል። እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ በትልልቅ ሰዎች ትከሻ ላይ ሆነን እንሻገር ነበር። ቤት ስንመለስ እናታችን እርጥቡን ኩበት እፍ እያለች ታነደዋለች። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ልብሳችንን ምድጃው ዙሪያ እንሰቅለዋለን። ጠዋት ስንለብሰው ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ብብቱ ጋ ገና እርጥብ ነው። ብርዱን አንቺም ታውቂዋለሽ። «ከዚህ አገር ልውጣ እንጂ ሁለተኛ ዝናብ አላይም» እያልኩ ነው ያደግሁት።

ከዚያ ባለቤቴ ለሥራ ድሬዳዋ ተመደበ። ስምንት ዓመት ኖርን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለእኔ ሠርግ ነበሩ። ያሰጣሁት ልብስ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ይደርቃል። ጭቃ የለ፣ ጋቢ የለ። ሌሊት ግቢ ውስጥ አንጥፎ መተኛት አለ። ለእናቴ «እዚህ ገነት ነው» ብዬ ጽፌላት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ያለ ምክንያት ይከፋኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራ ተነሣ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ አሥር አሥራ አምስት ጠብታ መሬቱን መታው። የአፈሩ ሽታ ሲመጣ የያዝኩትን ድስት አስቀምጬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የጎደለኝ የቆርቆሮው ድምፅ ነበር። ልጅ ሆኜ እሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ። እናቴ በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ጠፈጠፍ በእንስራ፣ በባልዲ፣ በድስት ትይዘው ነበር። «ይሄ ውሃ ሳሙና ያረፋል» ትላለች። እኛ እቃውን ማስገባትና ማውጣት ይሰለቸን ነበር። ድሬዳዋ ላይ በጄሪካን ውሃ ስገዛ ያ ሁሉ ባልዲ ትዝ አለኝ።

ስለ ሽታው አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ነርስ ስለሆንሽ ደስ ይልሻል። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጂኦስሚን የሚባል ነገር ይሠራሉ። ደርቆ የከረመ አፈር ላይ ጠብታ ሲያርፍ ያ ነገር ወደ አየር ይነሣል። የሰው አፍንጫ ለዚህ ሽታ እጅግ ንቁ ነው፣ ጥቂቷን እንኳ ይለያታል። እንግዲህ አስቢው። አሳግርት ላይ ሐምሌ አጋማሽ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ እንዲህ አይሸትም። እንዲህ የሚሸተው በበጋው ደርቆ ከርሞ የመጀመሪያው የበልግ ጠብታ ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ያስለቀሰሽ ሽታ ከልጅነትሽ ዓመት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ብቻ የነበረ ሽታ ነው። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ መርጦ ያስታውሳል። ሽታውን ይይዛል፣ ድምፁን ይይዛል፣ እርጥቡን ኩበት ይተወዋል።

ከወንድምሽ ጋር የተጣላችሁትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንቺ ናፍቆትሽ የመረጠውን ዝናብ ነበር የምታዪው። እሱ ደግሞ ከተተወው ውስጥ ወጥቶ መጣብሽ።

ስለ ወንድምሽ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፣ አትሰልቺ።

ወንድምሽ ዝናብ የሚጠላ ሰው አይደለም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ሌሊት እየተነሣ ሰማይ የሚያየው እሱ ነው። ምህላ የሚወጣውም እሱ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ሰሜን ሸዋንም ጎድቷል። እናታችሁ ሳታወራለት ያደገ አይመስለኝም። እና «ያላችሁን አታውቁትም» ስትዪው ምን እንደተሰማው አስቢ። ያውቀዋል፣ እህቴ። ከአንቺም ከእኔም በላይ ያውቀዋል።

ግን ገበሬ ዝናብን በጅምላ አይወደውም። ለሚያዝያው ሌላ ስሜት አለው፣ ለሐምሌው ሌላ፣ ለመስከረሙ ሌላ። የመስከረሙ በረዶ ይዞ ከመጣ የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ያልቃል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን የእኛ ደጋ አይሰማም፤ ከቡሄ በኋላም ስንቱን አዝመራ በረዶ ወስዶታል። ነሐሴ ላይ አራት ቀን ሳያባራ ሲዘንብ ደግሞ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል። የገብሱ ሥር ይታፈናል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ገበሬው ቤት አይቀመጥም። ዶማውን ይዞ ይወጣል። ፈሰስ ይቀድዳል፣ የተደፈነውን ይከፍታል። አንዱን ሲከፍት ሌላው ይደፈናል። ዝናቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል። ድሮ እረኛው ገሳ ነበረው፣ አሁን ከማዳበሪያ ከረጢት የተቀደደ ላስቲክ ነው።

ጅሩ ሄደሽ ታውቂ ይሆን? እነዋሪ ሜዳ ላይ መሬቱ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ይይዛል፣ አይለቅም። እዚያ ያሉ ቤተሰቦች ወንዱም ሴቱም ልጁም ተሰልፎ በእጁ አፈር እየሳበ ሰፋፊ መደብ ያወጣል። ውሃው በመደቦቹ መሐል ባለው ቦይ እንዲወጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ። አንድ ጊዜ ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ አብሬ ልሠራ ሞከርኩ። እስከ ምሳ አልደረስኩም፣ ወገቤ አልቀና አለ። ያን ቀን ያካፋ ነበር፤ እንዲያውም ዝናቡ ቀለል ያለበት ቀን ነው አሉኝ።

ቆርምዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የባቄላውን ቅጠልና ግንድ እንደ ኪንታሮት ያሳብጠዋል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። ብርድና እርጥበት ያበረታዋል። የእኛ አገር ገበሬ ለዓመታት ሲያለቅስበት የኖረ በሽታ ነው። ባቄላ ማለት ለእናታችሁ ቤት ሽሮ ነው፣ የጾም ወጥ ነው፣ ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ነው። ያን ጥሎ የመጣ ሰው በረንዳ ላይ «እንዴት ደስ ይላል!» ተባለ።

ሁለታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው። እሱ የሚበላው ከዚያ ነው። አንቺ ያለሽበት አገርም በውሃ ይቸገራል። ግን አንቺ ደረቅ ልብስ ለብሰሽ ተቀምጠሻል፣ እሱ ጭቃውን ገና አላራገፈም። በዚያ ሰዓት መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም እንደዚሁ ስላጠፋሁ ነው።

ድሬዳዋ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ሰማዩ በደንገጎ ተራራ በኩል ሲጠቁር ልጆቻቸውን ከደቻቱ ወንዝ ይጠሩ ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሰው ይነግድበታል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኔ ግን ደመናውን ሳይ «እሰይ፣ ዛሬ ሊዘንብ ነው!» እያልኩ በደስታ እጮኻለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ያዩኛል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ያኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰናል። ዜናውን በሬዲዮ የሰማሁት ማታ ነው፣ ውጭ እየዘነበ። ስምንት ዓመት የናፈቅሁት የቆርቆሮ ድምፅ እዚያው ጣሪያዬ ላይ አለ። ያን ማታ ግን ልሰማው አልቻልኩም። የጎረቤቴ አስተያየት ነው ፊቴ ላይ የመጣው። እሳቸውም ልጆቻቸውም ተርፈዋል። በስልክ ሳገኛቸው መጀመሪያ ያልኩት «ይቅርታ» ነበር። ለምን እንዳልኳቸው አልገባቸውም፣ ማስረዳትም አቃተኝ። ተላቀስን ብቻ።

እና ምን ታደርጊያለሽ?

ዛሬ ማታ ያን ቀረጻ ክፈቺው። የወንድምሽ ድምፅ ጋ ስትደርሺ አታቁሚው። እስከ መጨረሻው ስሚው። ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ከቃሉ በፊት ያለውን እርምጃውን፣ ጭቃውን ሲያራግፍ፣ ሲተነፍስ። ታማሚ ሲገባ ገና ሳይናገር ድካሙን የምታውቂ ሴት ነሽ። በዚያ ጆሮሽ ስሚው።

ከዚያ ደውዪለት። ለእናትሽ ሳይሆን ለእሱ። እናታችሁ ዘጠኝ ወር የሁለታችሁን ኩርፊያ ተሸክማለች፣ ይበቃታል። ብር ቀድመሽ አትላኪ። «ደመወዝተኛ ነሽ» ያለሽን ሰው በብር ይቅርታ ብትጠይቂው የተናገረውን ማጽናት ይሆናል። ብሩ በኋላ፣ ለዘር ወይም ለማዳበሪያ ብለሽ፣ ከታረቃችሁ በኋላ ይደርሳል። ይቅርታውን አታርዝሚው። «ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ዝናቡን እንጂ አንተን አላየሁም። ይቅር በለኝ» ብትዪው ይበቃል። «ግን አንተም እኮ» የሚለውን ዋጥ አድርጊው። እሱም የሚለው ይኖረዋል፣ ጊዜ ስጪው።

ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠይቂው። ይህን ሳትረሺ። አሁን ግንቦት ነው፣ ማሳውን የሚያለሰልስበት ጊዜ ነው። በልጉ እንዴት ነበር? መሬቱ እርጥበት ይዟል? ባቄላውን ዘንድሮ ከአምናው ማሳ ታዛውረዋለህ? ፈሰሱን ማን ያግዝሃል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ገበሬን ያከብረዋል። በየሳምንቱ እንዲህ ብትጠይቂው ሐምሌ ሲደርስ የአሳግርትን ዝናብ ከቀረጻሽ በተሻለ ታውቂዋለሽ፣ ከነችግሩ።

ይህን አጠያየቅ አጠገብሽ ያሉ ሰዎች ሊያስተምሩሽ ይችላሉ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት እንዳላቸው አራት ዓመት ኖረሽ አላጣሽውም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ሰላም ነው ወይ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ የት ዘነበ፣ የት ሳር በቀለ። ዝናብ እዚያ ወሬ ማሳመሪያ አይደለም፣ የሚኬድበት መንገድ የሚወሰንበት ነገር ነው። ሚያዝያ ላይ ያስለቀሰሽ ካፊያም በእነሱ ዘንድ ስም አለው። ሱጉም ይሉታል፣ የእኛ በልግ ማለት ነው። የሐምሌና የነሐሴው ደግሞ ከርማ ነው። ክሊኒክ የሚመጡትን እናቶች ስለ ሱጉሙ ጠይቂያቸው። ባልደረቦችሽ ሳቁብሽ እንጂ፣ ካፊያ ሲጥል የሚደሰት ሰው እዚያ አገር ሞልቷል።

አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፣ ሳስበው ራሴንም ደስ ያለኝ ነገር ነው። አጠገብሽ ያለው የከሰም ውሃ ከየት የመጣ ይመስልሻል?

ከጣርማ በር እስከ አንኮበር፣ ከዚያም ወደ አሳግርት የሚዘልቀው ሸንተረር ውሃ ከፋይ ነው። ከሸንተረሩ ወደ ምዕራብ ያረፈው ጠብታ በእነበሬሳ በኩል ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ ያረፈው ገደሉን ወርዶ ወደ እናንተ ቆላ ይሄዳል። ከአሳግርትና ከሀገረ ማርያም ተራሮች የሚወርደው ውሃ ከሰም ውስጥ ይገባል፣ ከሰም ደግሞ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ እዚያው ምድረ በዳው ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

ደጋው እርጥብ፣ ቆላው ደረቅ የሆነበት ምክንያትም እዚያው ሸንተረር ላይ ነው። እርጥበት የያዘ አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ያዘንባል። ወርዶ ቆላ ሲደርስ ሞቆና ደርቆ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የእናንተ ሜዳ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ቁልቁል ሲወረድ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይጨምራል። በዝናቡ መጠን ብቻ ብታዪው ልዩነቱ ያን ያህል አይመስልም። ደብረ ብርሃን በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፣ መካከለኛው አዋሽ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ግድም። ነገር ግን እናንተ ጋ ፀሐይዋ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ የማትነን ጉልበት አላት። ያገኘችውን ሁሉ ትጠጣለች። ስለዚህ የእናንተን አገር የሚያኖረው ከላይ የሚወርደው ወንዝ ነው።

አሁን ያን ቀን መለስ ብለሽ እዪው። ወንድምሽ በዶማው ከማሳው ያስወጣው ውሃ ቁልቁል ወደ አንቺ ነበር የሚሄደው። እሱ «ሂድልኝ» ያለው ውሃ ከሰም ግድብ ገብቶ ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላሉ። አንቺ የከሰም ልጅ ነሽ፣ ያለሽውም ከሰም ዳር ነው። በመኪና ከሆነ አዋሽን፣ አዳማን፣ አዲስ አበባን ዞረሽ ነው እናትሽ ጋ የምትደርሺው። ውሃው ግን አቋርጦ ይመጣል። ይህን ለወንድምሽም ንገሪው። «ያፈሰስከው ውሃ ደርሶኛል» በዪው። ይስቅ ይሆናል።

ልጅሽን ደግሞ አንድ ቀን ማታ ፀሐዩ በረድ ሲል ወደ ወንዙ ውሰጃት። «ይሄ ከአያትሽ ቤት ጣሪያ የወረደ ውሃ ነው» በያት። የሦስት ዓመት ልጅ ታምንሻለች፣ ደግሞም አልዋሸሻትም። ራቅ ብላችሁ ግን ቁሙ። ደመናው ወደ ተራራው ካለ ወደ ደረቅ ወንዝም አትጠጉ። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ ሰምተሻል። ከደጋ የወረድን ሰዎች ጎርፍን ዝናብ ባለበት ቦታ ብቻ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። እዚያ ግን ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ይመጣል።

ዝውውሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለዝናብ ብለሽ አትዛወሪ። ደብረ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ አይደለችም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከባለቤትሽ ተለይተሽ ያን ውርጭ ስትቀበዪ ናፍቆትሽ አቅጣጫውን ይቀይርና ደግሞ ለቆላው ታለቅሻለሽ። ለእናትሽ እርጅና ወይም ለልጅሽ ትምህርት ብለሽ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ዝናብን ሳታነሡ ተነጋገሩበት። የዓመት ፈቃድሽን ግን በየዓመቱ በክረምት ውሰጂው። ይህን ባለቤትሽም እሺ የሚል ይመስለኛል።

ዘንድሮ ደግሞ ሂጂ፣ ለጳጉሜን 3። እናትሽ ልክ ናት። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ የሩፋኤል ጸበል ነው ተብሎ ልጆቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው ሲታጠቡ፣ ሲጮኹ፣ ትልልቆቹም ውሃውን በዕቃ ሲይዙ ልጅሽ ትየው። መጀመሪያ ትፈራ ይሆናል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዶፍ ለለመደው ነው እንጂ ያስደነግጣል። አትጎትቻት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተዪያት፣ ራሷ ትወጣለች። ከተቻለ አምስት ስድስት ቀን ቀደም ብለሽ ግቢ። ቀድመሽ የምትገቢው ለወንድምሽ ነው። ማሳ ሲወጣ አብረሽው ውጪ። ዶማ ባትይዢም ላስቲኩን ያዢለት፣ ቁርሱን አድርሺለት። ዝናቡን እዚያ ቆመሽ ስሚው። ማሳ ላይ ድምፁ ሌላ ነው፣ ቆርቆሮ የለም፣ ገብሱ ላይ ሲያርፍ ሹክሹክታ ይመስላል። ይህን ድምፅ እኔም ካወቅሁት ብዙ አልቆየሁም።

ከመሄድሽ በፊት አዋሽ ወይም አዳማ ላይ ሦስት ጥንድ የላስቲክ ቦት ጫማ ግዢ። አንዱ ለወንድምሽ ነው፣ ቁጥሩን እናትሽን ጠይቂ፣ ለእሱ እንዳትነግሪው አደራ በያት። አንዱ ለአንቺ። የልጅሽን አንድ ቁጥር አስበልጪው፣ በውስጡ ወፍራም ካልሲ ይገባበታል።